ወደ ታች የዞረው ቀይ ነጥብ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባ፣ ዘግይቶም ወጣ። ጣሪያው በሁለት ቦታ አፈሰሰ። የውኃ መግፊያው ሞተር ተቃጠለ። በሦስተኛው ወር ሚስትየው መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዳልጧት ወደቀችና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ሐኪሞች በብረት አያያዙት። ቤቷ ስትመለስ አልጋ ላይ ወጣች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ዝናቡ አባራ፤ እሷ አልተነሳችም።

ባልየው ጡረታ የወጣ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ምሰሶ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ሳይፈልግ ወርዷል። ያኔ ወገቡ ተጎድቶ ስምንት ወር ከቤት አልወጣም። ሚስቱ መጋረጃውን ዘጋች። ምሰሶ ላይ ሲወጣ የሚታጠቀውን ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ራሷ ታጠቀችና እሱን ከኋላ አስይዛ በኮሪደሩ ላይ እንደ ሕፃን ወፌ ቆመች አስባለችው። ጎረቤት ሲጠይቅ «ለሥራ ሩቅ አገር ተልኳል» አለች። ሲወድቅና ሲያለቅስ ከእሷ በቀር ያየው የለም። እግሩ የጸና ቀን «ይህን ብድር እመልስልሻለሁ» አላት። «ወሬ አታብዛ» አለችው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልመለሰም። እሷ ወድቃ አታውቅማ።

አንድ ልጃቸው ሌላ ከተማ የምትኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። መጥታ እናቷን አይታ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሥራ ጀመረች። የመጽሐፍ ያህል ስፋት ያላት ጥቁር ሳጥን ከሻንጣዋ አውጥታ ኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች።

«ሰርቨር ነው፣ አባባ። ከእንግዲህ ቤቱን እሱ ይጠብቃል።»

እውነትም ጠበቀ። እናትየው ስትንቀሳቀስ መብራት ያበራል፤ ውኃውን በሰዓቱ ይገፋል፤ የመጣውን ሰው ለይቶ በር ይከፍታል፤ ከአልጋዋ ብትወድቅ ለልጅቷ ስልክ ይደውላል። ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ደግሞ ልጅቷ አንድ ነጭ ክብ ነገር ሰቀለች። ካሜራ ነበር። እናትየው ከአልጋዋ ሆና አየችውና «ያ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

ልጅቷ አባቷን አየችው።

«የጭስ መጠቆሚያ ነው» አለ።

ለእሷው ደኅንነት ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። 

ሳጥኑ በሁለተኛው ሳምንት ይሞት ጀመር። ባልየው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት ገበያና መድኃኒት ቤት ይወጣል። ማክሰኞ ዕቃ ተሸክሞ እየተመለሰ ሳለ ልጅቷ ደወለች።

«አባባ፣ ሰርቨሩ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሃያ ደቂቃ ሞቶ ነበር። ምን ነካው?»

ቤት ሲደርስ ሳጥኑ በሰላም ይሠራል፤ አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ ይላል። የመስመር ደብተሩን አወጣና ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ። በሥራ ዘመኑም እንዲሁ ነበር፤ ያልተጻፈ ብልሽት አልተበላሸም ይል ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መደርደሪያው ላይ ታርፋለች። ሙቀት ነው ብሎ መስኮቱን በካርቶን ከለለ። ሐሙስ ሰማዩ ደመና ነበር፤ ሳጥኑ ሞተ። ልጅቷ አዲስ ሜሞሪ ካርድ በአውቶቡስ ላከች። ቅዳሜ ሞተ። አዲሱ የውኃ ሞተር አራት ሰዓት ላይ ሲነሳ መብራቱ እንደሚደክም አስታወሰ፤ የውኃውን ሰዓት ወደ ከሰዓት በኋላ አዛወረው። ማክሰኞ ሞተ።

«የሳጥኑን መዝገብ አየሁት» አለች ልጅቷ። «የመጨረሻው መስመር መሃል ላይ ተቆርጧል። ኃይል ነው ያጣው።»

ጠንከር ያለ አዳፕተር ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ባለው ማራዘሚያ ገመድ ሰካው። ሐሙስ ሞተ።

«አባባ፣ እንዲህ ሆኖ አይዘለቅም» አለች ልጅቷ በዚያ ቀን። «ሳጥኑ በሞተበት ሰዓት ብትወድቅስ? አንድ ጊዜ ከደገመው በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ። እዚህ ጥሩ የአረጋውያን መንከባከቢያ አለ። አልጋ አስይዣለሁ።»

«እኔስ?»

«አንተማ ደህና ነህ።»



ቅዳሜ ጠዋት ሲወጣ ሚስቱን እንደ ወትሮው ከወንድሟ ጋር ተዋት። ወንድሟ መንገዱ ጥግ ላይ ትንሽ ሱቅ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ራሱ ግን አንድ ፀጉር የለውም፤ ሰፈሩ ሁሉ መላጣው ይለዋል። ሲቀልዱበት «የተጠናቀቀ ሥራ ነው የምታዩት» ይላል። ጠዋት ደንበኛ ስለማይበዛበት መጥቶ እህቱን ያጫውታል።

ባልየው ሲመለስ መላጣው ወደ ሱቁ ሄዷል። ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ግንባሯን ላብ አቸፍችፎታል። ስልኩ ጮኸ፤ ልጅቷ ናት። አላነሳውም። ምን እንደምትለው ያውቃል።

ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጠ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአዳዲስ ሠራተኞች ሲያስተምር የመጀመሪያው ቃል አንድ ነበር፤ ከሶኬቱ ጀምሩ። እሱ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ የግድግዳውን ሶኬት አላየም። በገዛ እጁ የዘረጋው መስመር ነዋ፣ ማን ይጠረጥረዋል?

መደርደሪያውን ገፋ አደረገ። ጎንበስ ብሎ የማራዘሚያው መሰኪያ የገባበትን ሶኬት አየ።

የእሱ ቤት መሰኪያዎች ሁሉ በአንድ በኩል ቀይ ነጥብ አላቸው፤ በሚስቱ የጥፍር ቀለም የሚቀባው ነው። ሲሰካ ነጥቡን ወደ ላይ ያደርጋል። ሠላሳ ስድስት ዓመት አንድም ቀን ዘንግቶ አያውቅም። አሁን ነጥቡ ወደ ታች ዞሯል።

መሰኪያ በራሱ አይነቀልም፤ ነቅሎም ራሱን አይሰካም።

እዚያው ወለሉ ላይ ቆየ። ወደዚህ ቤት የሚገባው ሌላ ሰው የለም። መላጣው ባለፈው ሳምንት «ልጅቷ ትውሰዳት ጋሼ፣ አንተም ታርፋለህ» ያለው ትዝ አለው። ያኔ የአዘኔታ መስሎት ነበር። ሁለቱ ተማክረው ሚስቱን ሊነጥቁት ኖሯል፤ እሱ ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርቶን ሲለጥፍ የሚስቁበት ሰው ነው። መደርደሪያውን ወደ ቦታው ሳይመልስ ወጣ።

ከሱቁ ሲገባ መላጣው ወንበሩን በፎጣ አራገፈለት።

«ጋሼ! ጢሙን ነው ጭንቅላቱን?»

«ጢሙን።»

አረፋ ቀባው። ምላጩን አንስቶ ከጉንጩ ጀመረ። ባልየው በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኑን አየው።

«ሶኬቱን ማን ነቀለው?»

ምላጩ ቆመ።

«የቱን ሶኬት?»

«አንገቴ ላይ ምላጭ ይዘህ አትዋሽ።»

መላጣው ምላጩን አስቀመጠ። ፎጣውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ።

«እኔ ነኝ።»

«ስንት ዓመት እንደ ወንድም ይዤህ! ልጅቷ ምን አለችህ? ሚስቴን ለመውሰድ ምን ቃል ገባችልህ?»

«ልጅቷ የምታውቀው የለም። ኧረ ጋሼ፣ እኔን እንዲህ ታስበኛለህ?»

«ታዲያ ማን አዘዘህ?»

መላጣው አጎነበሰ።

«እትዬ ናት።»

ባልየው ከነአረፋው ተነሳ። መላጣው «ግማሹ ቀርቷል፣ ጋሼ!» እያለ እስከ በር ተከተለው። መንገዱ ላይ ሰው ዞር ብሎ አየው፤ እሱ ማንንም አላየም። መላጣው ቢክደው ባዕድ ነው ይባላል። ልጅ ብትክድም ልጅ ናት። አርባ ዓመት አንድ ትራስ የተጋራችው ሴት ግን! ከእሱ ጋር ከመኖር መንከባከቢያ ቤት ይሻለኛል ማለቷ ነው?

ሚስቱ ቁጭ ብላ ጠበቀችው። መላጣው ደውሎላታል።

«ፊትህን ጥረገው፤ ግማሽ በግ መስለሃል» አለችው።

አልሳቀም። «ለምን?» አለ ብቻ።

«ልጅህ በሄደች በማግስቱ ደውላ ‹ሰማያዊው ሻርፕ ያምርብሻል› አለችኝ። ሻርፑን ያደረግሁት ገና ያን ጠዋት ነው። ማን ነገራት? ጭሱ?»

ባልየው አረፋውን በእጅጌው ጠረገ።

«አርባ ዓመት የኤሌክትሪሺያን ሚስት ሆኜ የጭስ መጠቆሚያ አላውቅም? ዓይን ሰቅለህብኝ ጭስ ነው ትለኛለህ?»

«ለአንቺው ብዬ ነው።»

«ይሆናል። እኔ ግን ልነሳ ፈለግሁ። ለመነሳት መውደቅ አለብኝ። ስወድቅ ማንም እንዳያየኝ ወንድሜን ሳጥኑን ነቅለህ ደግፈኝ አልኩት።»

«ለመላጣው ነገርሽ፤ ከእኔ ደበቅሽ!»

«አንተ ደብተርህ ላይ ትጽፈዋለህ። ማታ ለልጅህ ታነብላታለህ። ከሳጥኑ በምን ትለያለህ?»

ይህ ከሁሉም ይልቅ ቆረጠው።

«አንተ ስትወድቅ ማን አየህ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አንቺ።»

«ለማን ነገርኩ?»

«ለማንም።»

ወጥቶ መሰላሉን አመጣ። «ተው፣ ዛሬ ደግሞ እንዳትወድቅብኝ!» ብላ ጮኸች። ነጩን ክብ ነገር ፈታታና አውርዶ ጭኗ ላይ አኖረው። ቀጥሎ ከምስማር ላይ የቆዳውን ቀበቶ አወረደ። ቆዳው ደርቋል፤ ዘይት ቀባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መላጣው ጠዋት ጠዋት ሱቁን ጠበቀ። ባልየው ማክሰኞም ሐሙስም አልወጣም። ደብተሩ ላይም አንድ መስመር አልጻፈም። ልጅቷ ካሜራው ለምን ጠፋ ብላ ስትደውል «ስትመጪ ታያለሽ» አላት። ባልና ሚስቱ ግን ብዙም አልተነጋገሩም፤ ቂሙ በመሃላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጦ ነበር።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ልጅቷ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ አልተከፈተም። ደወለች።

«አባባ፣ ሳጥኑ ሞተ እንዴ? በሩ እምቢ አለኝ።»

«አልሞተም። አሁን ነቅዬዋለሁ።»

«ምን? እኮ ለምን?»

«ጠብቂ።»

ቀበቶውን ታጥቆ አልጋው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ከኋላው እጆቿ ቆዳውን ጨበጡ። ከአልጋው እስከ በሩ አሥራ አራት እርምጃ ነው። እሱም አንድ ቀን ቆጥሮታል። አላያትም፤ ትንፋሿን ብቻ ይሰማል። ዘጠነኛው ላይ ቀበቶው ወደ ታች ተሳበ፤ ጉልበቷ ከዳት። ሊዞር ፈለገ።

«እንዳትዞር!» አለች።

አልዞረም። ወለሉን ስትነካ ሰማ፤ ስትረግምም ሰማ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀበቶው እንደገና ጠበቀ። አሥር። አሥራ አንድ። ውጭ ልጅቷ «እማዬ! እማዬ!» እያለች ታንኳኳለች።

አሥራ አራተኛው ላይ እሱ ፈቀቅ አለ። ሚስትየው በገዛ እጇ መቀርቀሪያውን ሳበች። ልጅቷ እናቷን ቆማ ስታያት የያዘችውን ባዶ ሻንጣ ለቀቀችው።

«ግቢ እንጂ፣ ብርድ አታስገቢብን» አለች እናትየው።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። ላቧ አገጯ ላይ ደርሷል። ቀበቶውን ገና አለቀቀችም።

«የሩቅ አገሩን ሥራ ጨረስክ» አለችው። «ብድርህን መልሰሃል።»

«የጭሱስ?»

«እሱ ሌላ ነው» አለች፤ ቀበቶውን ሳብ አድርጋ ወደ አልጋው አዞረችው።