በምሩጽ ላይ የተቀዳው

ጠጋ በሉ እስቲ፣ ልጆቼ። አንተም በሩ ላይ አትቁም፣ ግባና ተቀመጥ፤ ቆመህ የምትሰማው ነገር አይደለም። ስልካችሁንም ለትንሽ ጊዜ ኪሳችሁ አስገቡት። ስለ አንድ ካሴት ነው የምነግራችሁ።

ቦሌ ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሱሌማን የሚባል ሰው አለ። የወሎ ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ሚኒባስ ነድቷል፤ ከቦሌ መገናኛ፣ ከመገናኛ አያት ሲመላለስ ጉልበቱ አለቀና አሁን ቤት ይውላል። ሌላው ሾፌር ለጫትና ለካርታ የሚያወጣትን እሱ ለካሴት ያወጣት ነበር። ሱቅ ለሚሸጠው ካሴት ግን ሰባራ ሳንቲም አያወጣም። «ሱቅ ያለውን ሱቅ ይጠብቀው» ይላል። እሱ የሚያሳድደው ማንም ያላሳተመውን ነበር፤ ሰርግ ድንኳን ውስጥ የተዘፈነውን፣ ሐድራ ላይ የተባለውን መንዙማ፣ ጠጅ ቤት ጥግ ሰካራም እያቋረጠው የተዜመውን። አንዴ ተብሎ እዚያው የሚቀረውን።

ታዲያ ባዶ ካሴት ውድ ነው። ሱሌማን ዘዴ ነበረው። አሮጌ ጫማና ጠርሙስ እየለቀሙ በየሰፈሩ የሚጮኹትን ቁራሌዎች ይወዳጅና የተጣለ ካሴት በፌስታል ይገዛቸዋል። ካሴት ጀርባው ላይ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አሉት፤ እነሱን ከሰበራችሁ ማንም ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ደግሞ ቀዳዳውን በፕላስተር ትሸፍኑና እንደገና ትቀዱበታላችሁ። ሱሌማን እንዲህ እያደረገ ባሮጌው ላይ አዲሱን ይቀዳል። አዲሱ ቀድሞ ካለቀ ታዲያ ከሥር የነበረው መጨረሻው ላይ ብቅ ይላል። የአንድ ሰርግ ዘፈን አልቆ፣ እልልታው ገና ሳይበርድ፣ የቋንቋ ትምህርት ካሴት ላይ የነበረ ፈረንጅ ሰዓት ስንት እንደሆነ በእንግሊዝኛ መጠየቅ ይጀምራል። ያኔ ሚስቱ ነኢማ ከጓዳ ሆና፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሙሽራዋ እንግሊዝኛ ለመደች!» ትለዋለች።

ቤቱ ውስጥ ካሴት ሞልቶ ነበር፤ ጓደኛ ግን አንድ ነበረው፤ ምሩጽ። ምሩጽ ገርጂ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቀን ይሰፋል፣ አመሻሹ ላይ ከቦሌ መንገድ ጀርባ፣ ዛሬ የመስታወት ሕንጻ በቆመበት ቦታ፣ አንዲት ጠጅ ቤት ውስጥ ክራር ይመታል። ሱሌማን ጠጅ አይጠጣም፤ ብርዙን ይዞ ጥግ ላይ ይሰማዋል። ምሩጽ አንዴ ካሴት ላሳትም ብሎ አንድ አሳታሚ ዘንድ ሄዶ ነበር። «ድምጽህ ደግ ነው፣ ገበያ ግን አያውቀውም» ብሎ መለሰው። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልጠየቀም። ሱሌማን ግን አንድ ምሽት ትንሿን መቅጃ ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቀዳው። ቤት ገብቶ የካሴቱን ጥርስ በቁልፍ ሰበረ። «ይቺ አትነካም» አለ።

ዓመታት ሄዱ። ጠጅ ቤቷ ፈረሰች። ምሩጽ ክራሩን ሸጠ። አንዲት ልጁን አሳደገ፣ አስተማረ፤ እሷም አያት ላይ ቤት ተከራይታ ወሰደችው። በስተመጨረሻ ደም ግፊቱ ጨምሮበት አንደበቱን ያዘው፤ ሁለት ዓመት ሰው እያየ ሰው ሳያናግር ኖሮ ባለፈው ኅዳር አረፈ።

በተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት ልጁ ኢዩ ቡልቡላ ድረስ መጣች። ደረጃው አድክሟት ቁና ቁና እየተነፈሰች።

«ጋሼ ሱሌማን፣ ሳልደውል መጣሁብዎት።»

«ምን ችግር አለው፣ ልጄ! ግቢ። ነኢማ፣ የምሩጽ ልጅ መጥታለች!»

ኢዩ ተቀመጠች። ነኢማ ያቀረበችላትን ሻይ ያዘችው እንጂ አልጠጣችውም።

«ስልኬ ውስጥ የሰው ሁሉ ድምጽ አለ» አለች። «የመሥሪያ ቤት ሰው ቮይስ ይልክልኛል፣ ጓደኛ ይልክልኛል፣ የማላውቀው ደላላ ሳይቀር ይልክልኛል። የአባቴ ግን የለም። እሱ ይደውል ነበራ! የሚደውል ሰው ማን ይቀዳል? ሲዘፍንም በደንብ አላስታውሰውም፤ ትንሽ ነበርኩ። ግን ሁሌ፣ ‹ሱሌ አንዴ ቀድቶኛል› ይለኝ ነበር። ካሴቱ እርስዎ ጋ ነው፣ አይደል?»

«አለኝ» አለ ሱሌማን ፈጥኖ። «ወላሂ አለኝ!»

«ለአርባው ቀን ይደርስልኛል?»

«እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

ልጅቷ ሻይዋን ያን ጊዜ ጠጣች። ስትወጣ ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል፣ «ተይ፣ ተይ» እያለ አነሳት።

ሱሌማን አልጋው ሥር ካሉት የፓስታ ካርቶኖች ሦስተኛውን ጎትቶ አወጣ። ካሴቱን ለማግኘት አልተቸገረም። በአንደኛው ፊት፣ «የገርጂዋ አልቃሽ፣ ሙሾ» ይላል። ገለበጠው። በሌላኛው ፊት በራሱ የእጅ ጽሑፍ፣ «ምሩጽ፣ ጠጅ ቤት» ይላል፤ በላዩ ላይ አንድ መስመር ተሰምሮበት ተሰርዟል። ከሥሩ፣ «መንዙማ» ተብሏል። ጀርባው ላይ ቢጫ የሆነ ፕላስተር ተለጥፏል።

እጁ ቀድሞ አወቀው። ከዚያ ያች ቀን ተመልሳ መጣችበት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሚኒባሷ ጋራዥ ከገባች ሳምንቷ ነበር፤ ኪሱ ባዶ ነው። ምሩጽ ራሱን እንዲሰማ ብሎ ቴፑንና ያችን ካሴት ይዞለት ገርጂ፣ ልብስ መስፊያው ቤት ሄደ። ምሩጽ መርፌውን አቁሞ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። የገዛ ድምጹን ከቴፕ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ሲያልቅ፣ «እኔ እንዲህ ነኝ እንዴ?» አለ፣ እንደ ልጅ እየሳቀ። ገና ሳቁ ሳያልቅ አንድ የሰፈር ሰው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሱሌ፣ እዚህ ነህ እንዴ! ከወሎ አንድ ሽማግሌ መጥተው ከመስጊዱ ማዶ ያለው ቤት መንዙማ እያሉ ነው። ነገ በሌሊት ይመለሳሉ» አለው።

የሽማግሌውንም ስም ጠራለት፤ ሱሌማን ያን ስም ከአባቱ አፍ ሲሰማ ነው ያደገው። ቴፑ አለ፤ ካሴት ግን በእጁ ያለችው ያችው አንዷ ናት። ሌሎቹ ካሴቶች ያሉበት የራሱ ቤት ሩቅ ነው። በአንድ ፊቷ ላይ ያለችው አልቃሽ ሞታለች፤ እሷን ቢያጠፋ ከየትም አያመጣትም። በሌላው ፊት ያለው ምሩጽ ነው። ምሩጽ ደግሞ ይኸው፣ መቀስ ይዞ ፊቱ ተቀምጧል።

«ምን ትቸገራለህ?» አለው ምሩጽ። «በእኔ ላይ ቅዳ። እኔ የት እሄዳለሁ? የፈለግህ ቀን ትቀዳኛለህ።»

«የሚመጣው ሳምንት፣ ወላሂ፣ አዲስ ካሴት ገዝቼ።»

«ኧረ ሂድ፣ አንተ ሾፌር፣ ሽማግሌው እንዳያመልጡህ!» አለና ፕላስተሩንም ከመሳቢያው አውጥቶ በልብስ መቀሱ ራሱ ቆረጠለት።

የሚመጣው ሳምንት ሚኒባሷ ገና አልተሠራችም። ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ሰርግ ነበር። ከዚያ ምን ልበላችሁ፣ ምሩጽ ቅርብ ነበር። ሱሌማን ለማያውቀው አዝማሪ ሰበታ ድረስ እየሄደ ለምሩጽ ገርጂ መድረስ አቃተው።

«ሻጋታ በላው እላታለሁ» አለ ሱሌማን ለነኢማ። «ስንቱን ካሴት በልቶብኝ የለ? ማን ያውቃል?»

«አንተ ታውቃለህ» አለችው። «ደግሞ ወላሂ ብለሃል፣ እኔ ፊት።»

«ታዲያ ምን ልስጣት?»

ነኢማ ቴፑን ከቁም ሣጥን አወረደችና አቧራውን በነጠላዋ ጠረገች። «እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል? ያንተ ሙሽሮች መጨረሻ ላይ እንግሊዝኛ ያወሩ የለ?»

ካሴቱን ከተቱት። ሽማግሌው ጀመሩ። ድቤው ሲመታ፣ ተቀባዩ ሲቀበል፣ ነኢማ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አብራ ታንቀሳቅሳለች። ክፋቱ መንዙማው ያምራል። ሱሌማን ሊጠላው ፈልጎ አልቻለም። ሃያ ስምንት ደቂቃ ያህል ሲሄድ ሽማግሌው ዱዓ አድርገው ዝም አሉ። ጠቅ የሚል ድምጽ ተሰማ።

ከዚያ የብርሌ ኳኳታ መጣ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ነኢማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

አርባው አያት ነበር። ሱሌማን ቴፑን በፌስታል ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከመገናኛ በባቡር ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ የተሠራ ምግብ ቀርቦ ነበር፤ ኢዩ ራሷ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት። አንድ ጉርሻ አንስቶ መልሶ አኖረው።

ሰዉ ተሸኝቶ ሲያልቅ ወደ ቤት አስገባችው። የምሩጽ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ጨርቅ ለብሳ ቆማለች።

«ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዚያ ውጣም ብትዪኝ እወጣለሁ።»

ነገራት። አላሳጠረም፣ ምሩጽ ላይም አላላከከም። ኢዩ ጣቷን እያፍተለተለች ሰማችው።

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር። ‹በእኔ ላይ ቅዳ› ያለኝ እሱ ነው። ፕላስተሩንም የቆረጠልኝ እሱ ነው።»

«እንዲያ ሲል ፊቱ ምን ይመስል ነበር?»

ሱሌማን ቀና ብሎ የስፌት መኪናዋን አየ፣ መልሶ መሬት መሬት አየ።

«አላየሁትም፣ ልጄ። ካሴቱን እየገለበጥኩ ነበር።»

ኢዩ ቴፑን ከፌስታሉ አወጣችው። ከዚያ፣ «የቀረችውን ያሰሙኝ» አለች።

ካሴቱን ቦታው ላይ አዘጋጅቶ ነበር ያመጣው። ተጫነው። የብርሌ ኳኳታ። ጉሮሮ መጥረግ። ኢዩ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«እሱ ነው! ጠዋት ሲነሳ እንዲህ ነበር የሚያደርገው!»

ከቴፑ ውስጥ ምሩጽ፣ «ቆይ፣ ይቺ ክር ላልታለች» አለ። ክራሩን ይቃኝ ጀመር። አንዷን ክር ይመታታል፣ ይጠብቃታል፣ ደግሞ ይመታታል። «ሱሌ፣ ብርዝህን ጨርስ፣ አንዷን ብቻ ልበልና ልሂድ። ልጅቷ እኔን ሳታይ አትተኛም።» ክሮቹን ሁሉ ባንዴ ዳሰሳቸው፤ ተቃኝተዋል። ትንፋሹን ሲስብ ተሰማ።

ካሴቱ አለቀ። ቴፑ ጓ ብሎ ቆመ።

ኢዩ መልሳ አጠነጠነችው። ሦስት ጊዜ ሰማችው። በሦስተኛው፣ ትንፋሹን በሚስብበት ቦታ ላይ እሷም አብራ ሳበች፤ ካሴቱ ሲቆም ይዛው ቀረች።

«በሩ ላይ ነበር የምጠብቀው» አለች። «ደረጃው ላይ ተቀምጬ።»

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ዛሬ እሱን አልችልም። አይቀየሙኝ።» ካሴቱን አውጥታ በመዳፏ ያዘችው። «ይቺ ግን እኔ ጋ ትሁን።»

«ያንቺ ናት።»

ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ያለውን ቢጫ ፕላስተር አየች፤ አባቷ በልብስ መቀስ የቆረጠው ነው፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። በጥፍሯ ቀስ ብላ ላጠችውና አልጣለችውም፤ የስፌት መኪናዋ ላይ ለጠፈችው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ተከፈቱ። ከእንግዲህ ያች ካሴት ላይ ማንም ምንም አይቀዳም።

ሱሌማን ባዶውን ቴፕ በፌስታል ይዞ ወጣ። እሷ እስከ ባቡሩ ድረስ ሸኘችው፤ ክንዱን ይዛ።

ይኸው ነው፣ ልጆቼ። ምሩጽ የሚባል የገርጂ ልብስ ሰፊ ነበር። ዘፈኑን ማንም አይነግራችሁም፤ የቀረው መቃኘቱ ብቻ ነው። እናንተ ግን ስሙን ያዙልኝ። አንዳንድ ጊዜ፣ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ስትሰሙ፣ እባካችሁ አስታውሱት።