እሑድ የሌለው ሳምንት

ሐሙስ ጠዋት የካፒቴኑ ድምፅ በየኮሪደሩ ካለው ድምፅ ማጉያ ወረደና እሑድን ሰረዛት።

«ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ የቀን መስመሩን ስለምንሻገር ከቅዳሜ ቀጥሎ ሰኞ ይሆናል። የእሑድ መርሐ ግብር የለም።»

መስኮት ባላቸው በላይኞቹ ፎቆች መንገደኞቹ ሳቁ አሉ። ልደቷ እሑድ ይውል የነበረ አንዲት አሮጊት፣ አንድ ዓመት ተረፈልኝ ብላ ወይን አስቀዳች። ከባሕሩ ወለል በታች፣ የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ ግን ሮዶራ የጠረጴዛ ልብሱን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች።

«ሰማሽ አቴ?» አለቻት ቲንቲን ከመተኮሻ ማሽኑ ማዶ። በዕድሜ ስለምታንሳት «አቴ» ትላታለች፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት ነው፤ አክብሮቷም እዚያው ላይ ያበቃል። «ሕፃኑን እሑድ የሌለው መርከብ ላይ አሳፈርሽው።»

ሕፃኑ ሳንቶ ኒኞ ነው፤ ዘውድ የደፋ፣ ከእንጨት የተጠረበ፣ ክንድ የማይሞላ ሕፃኑ ኢየሱስ። የሴቡ ደሴት ልጆች በሠራተኞች መመገቢያ ውስጥ፣ በሩዝ ማብሰያውና በቴሌቪዥኑ መካከል ባለች ቁም ሣጥን ያኖሩታል። በዓሉ በጥር ሦስተኛው እሑድ ነው። በየዓመቱ አንድ የሥራ ክፍል ተራ ደርሶት ልብስ ይሰፋለታል። ባለፈው ዓመት የወጥ ቤቶቹ ተራ ነበርና ሕፃኑ ከዘውዱ ላይ ረጅም ነጭ ቆብ ደርቦ፣ ማንኪያ ይዞ ዋለ። ዘንድሮ ተራው የእጥበት ክፍሉ ነው። ሮዶራ ከተቀደደ የጠረጴዛ ልብስ ኪስ ያለው ትንሽ ሸሚዝ ሰፍታለታለች፤ ኪሱ ላይ ስሙ ሳይቀር ተጠልፏል።

ነገሩ ግን ሸሚዝ ብቻ አልነበረም። ሮዶራ ስለት አለባት። ከሦስት ዓመት በፊት ወንድሟ ኖሊ ለዓሣ ወጥቶ ማዕበል ወሰደው። በአራተኛው ቀን የተገለበጠ ጀልባውን እንደታቀፈ ተገኘ። በእነዚያ አራት ቀናት ሮዶራ ጋዋኗን ሳታወልቅ፣ የሕፃኑ ቁም ሣጥን ፊት ተንበርክካ «መልሰውና ሦስት ዓመት፣ ሳላቋርጥ፣ በቀንህ እጨፍርልሃለሁ» ብላ ነበር። ሁለቱን ዓመት ጨፍራለች። ሦስተኛው ይኸው ከመዝገብ ተፋቀባት።

ምሳ ሰዓት ላይ ኩያ ሄርሞን ፈልጋ አገኘችው። ሁሉም «ኩያ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የሚሉት ሄርሞ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ የመርከቡን ጸሎት የሚመራውም እሱ ነው፤ የዘጠኙን ቀን ጸሎትና የበዓሉን ሰዓት ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈው እሱ ነው። «እሑድ ማታ» የሚለውን እያየ ራሱን ያክካል።

«ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ኖረህ መስመሩን ረሳኸው ኩያ?» አለችው።

«ምን ላድርግ ኢንዳይ፣ የኔ ልጅ፣ ለካ የቆጠርኩት በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ነው። እሱ ደግሞ የማኒላ ነው፤ ባሕር አያውቅም።» ጺሙ ላይ ያለውን ዱቄት ጠረገ። «አምና ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ሁለት ሰኞ ሲሰጡን ማን አመሰገነ? አሁን አንድ እሑድ ቢወስዱብን ተካካስን። ሰኞ ንጋት ላይ እናክብረው። ሕፃን ነው፣ ቂም አይዝም።»

«እሱ ቂም አይዝ ይሆናል። እኔ ግን 'በቀንህ' ነው ያልኩት፤ 'በተመቸኝ ቀን' አላልኩም።»

«አንቺ ከጳጳስም ትብሻለሽ።»

«ጳጳስ ወንድሙ አልሰጠመበትም።»

ሥራ ስትጨርስ፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ስልክ በሚሠራበት ደረጃ ሥር ቆማ ወደ ሴቡ ደወለች። እናቷ አነሡ። ከኋላቸው ከበሮ ይደልቃል።

«ናናይ፣ ምንድነው ጩኸቱ?»

«ኖሊ ነው፤ የከበሮውን ቆዳ ጠግኖ እየሞከረ ነው። እኔም ለነገ ጀልባውን አበባ አስሬ አሁን መግባቴ ነው።»

«ለነገ? የጀልባው ሰልፍ ቅዳሜ አይደለም?»

«ታዲያ ነገ ቅዳሜ አይደል? ዛሬ እኮ ዓርብ ነው፣ ከሰዓት። አንቺ ደግሞ የት ነው ያለሽው?»

ሮዶራ ስልኩ ላይ ያለውን ሰዓት አየች። እሷ ዘንድ ሐሙስ ማታ ነው፤ እናቷ ዘንድ ዓርብ ከሰዓት ሆኗል። በጣቷ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች። መርከቡ ላይ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ሴቡ ላይ እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ሕፃኑ ከነሙሉ ክብሩ ጎዳና ላይ የሚሆንበት ሰዓት።

«ናናይ፣» አለች፣ «እሑድን አገኘኋት። እናንተ ጋ ተቀምጣለች።»

ኩያ ሄርሞ ሲሰማ ዳቦውን እስኪያር ረሳው። ዘጠነኛው ጸሎት ቅዳሜ ንጋት፣ በዓሉ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፤ ጸሎቱም አይጎድል፣ ቀኑም አይዛነፍ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት የሥራ ሰዓት ነው። የካፒቴኑ ታላቅ እራት ደግሞ የዚያኑ ዕለት ማታ ነው፤ ሁለት ሺህ ናፕኪን፣ አራት መቶ የጠረጴዛ ልብስ። የእጥበት ክፍሉ አለቃ ማስተር ጓን ነው፣ ቻይናዊ፣ የፉጂያን ሰው። ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር ይነጋገራል ይሉታል።

«ከጓን ፈቃድ ማግኘት ከእንፋሎት ቧንቧ ውኃ መጠጣት ነው፣» አለች ቲንቲን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ከሳሙና በርሜሎቹ ኋላ የደበቃትን እመቤቱን አንሺበት። ለደህንነት ሹሙ እንናገራለን በይው።»

እመቤቲቱ የባሕርተኞች ጠባቂ የሆነችው የማዙ ትንሽ ምስል ናት። ዕጣን መርከብ ላይ ክልክል ስለሆነ ጓን በባትሪ የምትበራ ቀይ መብራት አኑሮላታል። ከበርሜሎቹ ኋላ ዕቃ ማኖር ራሱ በመርከቡ ደንብ የተከለከለ ነው። ሮዶራ ካወቀች ሁለት ዓመቷ ነው። ወለሉን ስትወለውል እዚያ ጋ ስትደርስ ቀስ ትላለች።

«የሰው ጸሎት አሳብቄ የራሴን ስለት አልፈጽምም፣» አለቻት። «አንቺም ያቺን ምላስሽን እጠፊያትና ከፎጣው ጋር አስቀምጫት።»

ሄዳ ጓን ፊት ቆመች። «ቅዳሜ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኛ ዘጠኛችን እንወጣለን።»

«ማሽን አይቆምም።»

«ማሽን የሚተኮስ ካጣ ይቆማል። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንገባለን። ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ናፕኪን ሳትተኮስ ብትቀር እኔ ራሴ አልወጣም።»

ጓን ከላይ እስከ ታች አያት። «አንዲት?»

«አንዲት።»

ቅዳሜ ንጋት ዘጠነኛውን ጸሎት መመገቢያው ውስጥ ቆመው አደረሱና ወደ ሥራ ገቡ። ያን ቀን እንደሠሩት ሠርተው አያውቁም። ሮዶራ ጨርቁን ማሽኑ አፍ ላይ ትዘረጋለች፣ ቲንቲን ማዶ ተቀብላ ታጥፋለች፤ ላብ ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻው ጋሪ ባዶ ሆነ። ልጆቹ ተጣጥበው ቀይ ሻሽ አሰሩ። ሕፃኑ ኪስ ያለው ሸሚዙን ለብሶ መመገቢያው ውስጥ ይጠብቃል።

ለስምንት አምስት ደቂቃ ሲቀረው የዕቃ ሊፍቱ በር ተከፈተና አንድ ጋሪ ገባ። ሦስት መቶ ሰማያዊ ናፕኪን።

«የካፒቴኑ ጠረጴዛዎች ሰማያዊ ይሁኑ ተባለ፣» አለ ገፍቶ ያመጣው አስተናጋጅ፣ ፊታቸውን ሲያይ ቶሎ ብሎ ወደ ሊፍቱ እየተመለሰ።

«ይሄ በቁጥሩ የለም፣» አለች ቲንቲን። «እኛ የተዋዋልነው በነጩ ነው አቴ።»

ሮዶራ ሻሿን ፈትታ ኪሷ ከተተች። «ቃሌ ቀለም አልነበረውም። ሂዱ፣ ሕፃኑን አታስቁሙት።»

«ስለትሽስ?»

«ስለቴን ለመፈጸም ቃሌን ባፈርስ፣ የሚቀበለኝ ማን ነው? ሂዱ አልኩ።»

ሄዱ። ማሽኑን አስነሣች። ብቻዋን ዘርግታ፣ ዞራ ሄዳ አጥፋ፣ ተመልሳ ስትዘረጋ የሁለት ሰው ሥራ የአራት ሰው ጊዜ ይበላል። ሠላሳ ሳታደርስ የከበሮው ድምፅ ተሰማ፤ የቀለም ባልዲ ነው የሚደልቁት። ሰልፉ ከመርከቡ አፍንጫ ተነሥቶ በረጅሙ የሠራተኞች ኮሪደር ይመጣል። ኮሪደሩን ኤድሳ ይሉታል፣ እንደ ማኒላው አውራ ጎዳና ሁልጊዜ የተጨናነቀ ስለሆነ። «ፒት ሴኞር!» የሚለው የበዓሉ ጥሪ የብረቱን ግድግዳ እየመታ ቀረበ። ሮዶራ ቀና አላለችም። አንዷ ናፕኪን ግን ተጣማ ገባች፣ አውጥታ ደግማ ዘረጋቻት።

ከበርሜሎቹ ኋላ ጓን ወጣ። ጋሪውን አየ፣ ሰዓቱን አየ።

«ልጆቹ ሲወጡ ነግረውኛል፣» አለ። «ስለ እመቤቴ ታውቂያለሽ፤ ልታሳብቂ ግን እንቢ ብለሻል።»

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ። የቀይ መብራቷ ባትሪ ሲደክም አንድ ጊዜ የቀየርኩት እኔ ነኝ።»

ጓን ወደ ቀይ ብርሃኑ ዞረ። «መንፈስ ነው ብዬ ነበር፣» አለ ከዚያ፣ ፊቱ ሳይፈታ። «እሷም ቀን አላት። በሦስተኛው የጨረቃ ወር፣ በሃያ ሦስተኛው ቀን። ዘንድሮ ያን ቀን ኪሉንግ ወደብ ላይ ነን፤ ቤተ መቅደሷ ከወደቡ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ በርቀት ነው የሰገድኩላት፤ ማሽኑን የሚይዝልኝ ሰው አላገኘሁም።»

ሮዶራ ናፕኪኗን እንደያዘች ዞረች።

«ሰማያዊዎቹ የእኔ ናቸው፣» አለ ጓን። «በእሷ ቀን ደግሞ ማሽኑ ያንቺ ነው። ስጦታ አይደለም፣ ልውውጥ ነው።»

ሰማያዊዋን ጨርቅ እያየች አሰበች። አንዲት ናፕኪን ሳትተኮስ ብትቀር አለች እንጂ ማን ይተኩስ አላለችም። አይ፣ ይህማ ብልጠት ነው። «እዚህ ክፍል ውስጥ ጨርቅ እያለ ከደጁ አልወጣም ማስተር። ብያለሁ።»

«አትውጪ።» ሄዶ ሰፊውን የብረት በር እስከ መጨረሻው ከፈተው። «ይግባ።»

ሕፃኑ ገባ። ኩያ ሄርሞ በሁለት እጁ ይዞታል፤ ከኋላው አርባ ሰው፣ የባትሪ ሻማ በየእጁ። በማሽኖቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ አያሳልፍም። ኩያ ሄርሞ በርሜሎቹ ጋ ሲደርስ ቀይዋን ብርሃን አየ፣ ቆመ፤ ሕፃኑንም ወደዚያ ትንሽ ዘንበል አደረገው።

«ሕፃን ነው፣» አለ ጓንን እያየ፣ «ታላቅን ሰላም ሳይል አያልፍም።»

ጓን ወደ ጋሪው ዞረ። ሰማያዊ ናፕኪን አንሥቶ ማሽኑ አፍ ላይ ዘረጋ።

ሮዶራ ሻሿን አሰረች። በሴቡ እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ኖሊ በዚህች ሰዓት ከበሮውን አንግቦ መንገድ ላይ ነው። ሕፃኑን ከኩያ ሄርሞ ተቀበለችና ወደ ላይ አነሣችው። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ፤ እንደ ወንዝ ሞገድ፣ እንደ ቀኑ መስመር። ጓን ከማዶ ማዶ እየተመላለሰ ያጥፋል፤ የማሽኑም ድምድምታ ባልዲውን ተከትሎ ገባ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት መቶው ሰማያዊ ናፕኪን ጋሪው ላይ ተደርድሮ ነበር። ሮዶራ አንዱን አንሥታ ጠርዙን አየች።

«ይቺ ጠማማ ናት ማስተር።»

«የመጀመሪያዬ ናት፣» አለ ጓን።

«ለካፒቴኑ ትሂድለት፣» አለች፣ እንደታጠፈች መልሳ እያኖረች። «እሑዳችንን አይደል የሰረዘው።»