የአያ ይሻው መሐላ

አያ ይሻው ደብረ ታቦርን በሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ አስነብባለሁ ብሎ ሲነሣ የራሱ ዓይን ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቶ ነበር። ሐኪሞቹ ስኳር በሽታው ነው ይላሉ፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ በወፍጮ ቤት የጠጣው ዱቄት ነው ባይ ነው። ሰው ሲገባ በጥላው ያውቃል፣ ነጩን ጤፍ ከሰርገኛው በጣቱ ይለያል፤ ጽሑፍ ግን በቃ፣ ዓይኑ ውስጥ ጭጋግ ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ከተማውን አንብቡ እያለ መውጫ መግቢያ ያሳጣው።

ነገሩ የተጀመረው በመብራት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ወፍጮው ይቆማል፤ እህል ይዘው የመጡት ሴቶች ማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠው፣ ከጉና የሚወርደውን ብርድ በነጠላቸው እየመከቱ፣ መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ያልተነሣ ሰው እስኪጠፋ ያማሉ። አያ ይሻው ሐሜቱ ጆሮውን ሲያሰለቸው "ከምታሙ ለምን አንድ ምዕራፍ አታነቡም?" ይላቸዋል። ይስቃሉ። "መጽሐፉን ማን ሰጥቶን?" ይሉታል። እውነት ነበራቸው። በየቤቱ ቢገኝ ዳዊት ነው፤ እሱም በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቤት ይጠብቃል እንጂ የሚገልጠው የለም። ሰማንያ አሐዱ የሚባለው፣ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም።

አንድ ቀን ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ። ከደብረ ታቦር ሱቆች ቢጠፋበት አንበሳሜ ድረስ ወርዶ የድሮ ደንበኛው ከሆነው ከኸድር ሱቅ ገዛ። ሊወጣ ሲል ኸድር ከመደርደሪያው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተ። መንገድ የተዘጋ ጊዜ አንድ መንገደኛ አደራ ብሎት የሄደ ነው፤ ሰውየው አልተመለሰም።

"የእናንተ መጽሐፍ ነው፣ አያ ይሻው" አለው ኸድር። "የፈጣሪ ስም ያለበትን ወረቀት ስኳር ልጠቀልልበት አልችልም። ይውሰዱልኝ።"

አያ ይሻው የሰማይ በር የተከፈተለት መሰለው። ካርቶኑን ጭኑ ላይ አቅፎ በሚኒባስ ሲመለስ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ምን እንደያዘ ደጋግሞ ቢጠይቀው ፈገግ ከማለት በቀር አልመለሰለትም።

ሚስቱ ወርቅነሽ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የእሱና የልጁ የትዝታ ነው። ትዝታ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናት። ቀኑን ሙሉ የቢሮ ወረቀት ስትተይብ ትውልና ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ በሩን ዘግታ ገጹ ተገነጣጥሎ ካለቀ አሮጌ ወንጌል ለአባቷ ታነብለታለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። የሚያውቀው ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀድሟት ይላል፤ "የማነበው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?" ትለዋለች፤ ይስቃሉ። የአያ ይሻው ቀን የሚመሸው ለዚያች ሰዓት ሲል ነበር ማለት ይቻላል።

የዚያን ዕለት ማታ ከካርቶኑ አንዱን አውጥታ ማውጫውን በጣቷ እየተከተለች አየች።

"አባዬ፣ ሲራክ የለም።"

"ፈልጊው።"

"ጦቢትም የለም። ዮዲትም፣ ሄኖክም የሉም። ስድሳ ስድስቱ ነው። የጴንጤዎቹ ነው።"

አያ ይሻው ጢሙን አሻሸ። "ዮሐንስ አለ?" አለ።

"አለ።"

"መዝሙረ ዳዊትስ?"

"እሱም አለ።"

"እንግዲያው ያለውን ያንብቡ" አለ።

እዚህ ላይ እንኳ ቢያቆም ምን ነበረበት! ለንስሐ አባቱ ቢነግር፣ አንድ የሚያውቅ ሰው ቢያማክር ነገሩ በአጭሩ ይቀጭ ነበር። እሱ ግን በማግሥቱ ማደል ጀመረ። ወፍጮ ቤት ለመጡት ሰጠ፣ ላልመጡትም በየቤታቸው ሄዶ ሰጠ፤ በር እያንኳኳ "አንድ ምዕራፍ ብቻ፣ ከመኝታ በፊት" እያለ ለመነ። የጎደለው መጽሐፍ የታለ ብሎ የጠየቀው ሰው ሲገኝ ደግሞ "ሁለተኛው ቅጽ ይመጣል" ይል ጀመር። ሁለተኛ ቅጽ የሚባል ነገር የለም። ክፋት አልነበረበትም፤ የነበረበት ችኮላ ነው። ዕድሜዬ ሳያልቅ ይህን ሕዝብ ሲያነብ ልስማው ይል ነበር።

በጥቅምት ለትዝታ ሽማግሌ መጣ። ልጁ ታምራት ይባላል፤ ዲያቆን ነው፤ ያሳደጉት አጎቱ መሪጌታ አስናቀ ናቸው። ትዝታን በተክሊል ካገባ በኋላ ቅስና ሊቀበል ነው፤ ስለዚህ የሚያገባት ሴት በስሟም በቤቷም ነቀፋ እንዳይገኝባት ይፈለጋል። ትዝታ ለእሱ ስትል ሌሎች ጠያቂዎችን መልሳለች፤ እኩዮቿ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ እሷ ጠብቃለች። አያ ይሻው ይህን ያውቃል። እንደ ወጉ "እንምከርበት" ብሎ ሽማግሎቹን ለኅዳር ቀጠራቸው። የዚያን ማታ ትዝታ ስታነብ ድምፅዋ ላይ የነበረውን ደስታ ሲሰማ እንባው መጣ።

በመሐሉ ወሬው ፈነዳ። አንዲት ደንበኛው መጽሐፉን ለልጇ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር አሳየችው፤ መምህሩ ማውጫውን ቆጥሮ ስድሳ ስድስት አገኘ። ሳምንት ሳይሞላ ከተማው አያ ይሻው ጴንጤ ሆኗል፣ በዱቄት እያመካኘ ሰው ያስኮበልላል አለ። ሴቶቹ ማዳበሪያቸውን ተሸክመው በወፍጮው በር አልፈው ሌላ ዘንድ መሄድ ጀመሩ። አዲስ እህል በሚገባበት ወር፣ ሌላ ጊዜ ሰልፉ መንገድ በሚዘጋበት ወቅት፣ ወፍጮው ጦሙን ይውል ጀመር። ሰላምታ ግን አልነፈጉትም፤ የባሰውም እሱ ነው። ራቅ ብለው ቆመው፣ ሕመሙ እንዳይጋባባቸው የሚፈሩ ይመስል፣ "እንደምን ዋሉ" ብለውት ያልፋሉ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሎቹ መጡ። መሪጌታ አስናቀ በቆዳ ማኅደር ያለ ትልቅ መጽሐፍ አንግተዋል። ከአያ ይሻው ቤት በጭቃ ግድግዳ ብቻ የምትለየው ጎረቤቱ እትዬ ፈንታነሽ ጠላ ልትቀዳ መጥታለች። ትዝታ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ናት።

"አያ ይሻው፣" አሉ መሪጌታ፣ "አንቱን የማውቅዎት ከዲያቆንነቴ ጀምሮ ነው። ጴንጤ ነዎት አልልም። ነገር ግን ያደሉትን መጽሐፍ አይቸዋለሁ።"

"ጎደሎ ነው" አለ አያ ይሻው። "እያወቅሁ ነው ያደልሁት።"

"ሁለተኛ ቅጽ ይመጣል ብለዋል አሉ።"

"ብያለሁ።"

"ይመጣል?"

"አይመጣም።"

ሽማግሎቹ አንገታቸውን ደፉ። መሪጌታ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡ ለአያ ይሻው ይቀለው ነበር።

"የአንቱን ነገር የንስሐ አባትዎ ይዩት" አሉ። "እኔን የጨነቀኝ የልጁ ነው። ነገ ቄስ ሲሆን፣ ሚስቱ ከአባቷ ጋር በር ዘግታ የጴንጤ መጽሐፍ ስታነብ ነበር ያደገችው ቢባል ማን መስቀሉን ይሳለማል? ማን ንስሐ ይገባበታል? እንዲህ ሲባል ሰምቸ ነው የመጣሁ። እውነት ነው ወይ? ከአንቱ ጋር ታነባለች?"

ታነባለች። ካርቶኑ ከመጣ ወዲህም ከዚያው ከጎደሎው መጽሐፍ ነበር። ከዚያ ሁሉ ካደለው መጽሐፍ፣ ካንኳኳው በር ሁሉ፣ እርግጠኛ ሆኖ ይህች አነበበች የሚላት አንዲት ሰው ብትኖር ትዝታ ናት። ስታነብም የሰውን አንጀት ትበላለች። ይህን ለእነዚህ ሰዎች መናገር እንዴት አማረው! ከመጋረጃው ጀርባ ግን ትንፋሽ እንኳ አይሰማም ነበር።

መሪጌታ ወደ እትዬ ፈንታነሽ ዞሩ። "አንቱ ጎረቤት ነዎት። ሲነበብ ሰምተው ያውቃሉ?"

እትዬ ፈንታነሽ የትዝታን ድምፅ በግድግዳው እየሰማች የምትተኛ ሴት ናት። አንድ ጊዜማ ንባቡ መሐል ላይ ቢቋረጥባት ጠዋት በር ላይ ጠብቃ "ከዚያስ ምን ሆነ?" ብላ ጠይቃቸዋለች።

"እኔ ምን እሰማለሁ" አለች ጠላውን እየቀዳች። "የዚህ ሰውዬ ወፍጮ አደንቁሮኛል።"

መሪጌታ መጽሐፉን ከማኅደሩ አውጥተው አያ ይሻው ጭን ላይ አኖሩት። "እንግዲያው እጅዎን ይጫኑና ይገላግሉን። ያለፈውንም፣ የሚመጣውንም።"

አያ ይሻው እጁን ጫነ።

"ልጄ ከእኔ ጋር መጽሐፍ አንብባ አታውቅም። ከእንግዲህም ከእኔ ጋር አታነብም። ብዋሽ፣ ይህ መጽሐፍ የቀረችኝን የዓይኔን ብርሃን ይንሳኝ።"

"አሜን" አሉ ሽማግሎቹ። ሰው ሁሉ ያንብብ ብሎ የተነሣው ሰው፣ ልጄ አታነብም ብሎ ምሎ እጁን አነሣ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ፤ ያደላቸውን መጻሕፍት ደግሞ ራሱ ሰብስቦ ለመሪጌታ እንዲያስረክብ ተወሰነ። እትዬ ፈንታነሽ እልል ስትል ትዝታ ጓዳ ውስጥ ታለቅስ ነበር፤ ደስታ ነው ብለው ሽማግሎቹ መረቋት።

አያ ይሻው በዱላው መንገዱን እየዳሰሰ ያንኳኳውን በር ሁሉ እንደገና አንኳኳ። መጽሐፉን ለመመለስ የቸገረው አልነበረም። አንዷ ትኩሳት ከያዘው ልጇ ትራስ ሥር አወጣችለት። አንዷ እህሏን ነቀዝ እንዳይበላባት ብላ ከጎታዋ ላይ አስቀምጣው ነበር። አንዱ ከነፌስታሉ ሰጠው። አያ ይሻው እያንዳንዱን ሲቀበል በአውራ ጣቱ ከፈት ያደርገዋል። አዲስ መጽሐፍ ቅጠሎቹ ዳር ዳሩን ይጣበቃሉ፤ አንድ ጊዜ የተገለጠ እንደሆነ ግን ይለቃሉ። ቤት በቤት ሄደ፤ ሁሉም ከማውጫው ወዲያ እንደተጣበቁ ነበሩ። ይሄ ሁሉ ስድብ፣ ይሄ ሁሉ የወፍጮ ቤት ጦም፣ ማንም ላልገለጠው መጽሐፍ ነበር። ቢያነቡትና ቢክዱት ይሻለው ነበር። መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ።

መሪጌታ ካርቶኑን ተቀብለው ወደ ቤት ገቡና በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ መጽሐፍ ይዘው ወጡ።

"ይኸው ሙሉው፣ ሰማንያ አሐዱው" አሉት። "የታምራት አማት በጎደሎ አይቀርም። ዓይንዎ ባያነበውም ይሳለሙታል። ራስጌዎ ያድርጉት።"

ከልባቸው ነው የሰጡት። አያ ይሻው ጎንበስ ብሎ ተቀበለ።

ማታ ከእራት በኋላ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቃት። ትዝታ ሳህን አጣጥባ፣ እጇን አድርቃ ገባች።

"በሩን ዝጊው" አላት። ዘጋችው። "አሁን ሙሉ ነው። ሲራክም አለልሽ። ከእሱ ጀምሪልኝ።"

ትዝታ ቆማ ቀረች። "አባዬ፣ ምለሃል እኮ" አለችው።

"እሱ ለሽማግሎቹ ነው።"

"በመጽሐፉ ነው የማልኸው። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ።"

"አንዴ ዋሽቻለሁ ልጄ። እግዜር ምክንያቱን ያውቀዋል። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ አንድ ምዕራፍ ብቻ።"

ይህን ሲል ድምፁ በየበሩ ሲለምንበት የነበረው ድምፅ ነበር፤ ራሱም ሰማው።

"ያለፈውን ለእኔ ብለህ ዋሽተሃል" አለች ትዝታ። "የሚመጣውን ግን ካነበብሁልህ እኔ ነኝ የማስዋሽህ። ዓይንህን ነው ያስያዝኸው።"

"ዓይኔ እንደሁ ሄዷል።"

"አልሄደም። መስኮቱ የት እንዳለ ታያለህ። እኔ ስገባ ታያለህ። ይችን ብርሃን ለሠርጌ ብዬ አላስወስድብህም።"

አያ ይሻው መጽሐፉን መሐሉ ላይ ከፈተው፤ ቅጠሎቹ እየተላቀቁ ተገለጡ። ወደ አምፖሉ አስጠጋው፣ መልሶ አራቀው፤ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ትዝታ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ትከሻውን ነካው። ፊደሉ ከፊቷ ተዘርግቶ፣ ድርድር ብሎ ይታያት ነበር። እንዳታነበው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።