ከመጫንህ በፊት ቀና በል

አጣቢዋ በልብስ ማጠቢያ ቤቷ የሆቴል አንሶላ እየተኮሰች ሳለ ሦስት ሰዎች በፊት ለፊት በር ገቡ። በጠራራ ፀሐይ፣ ፊታቸውን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው። ልብስ ሊያሳጥብ የመጣ ሰው ፊቱን አይሸፍንም፤ ስለዚህ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። የመጀመሪያው ሰይፉን ሲመዝ የጋለውን የከሰል ካውያ ፊቱ ላይ ለጠፈችለት። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ይባል የለ፤ በጋለ ብረት ሰው መቀጥቀጥም ያው ነው። ሰውየው እየጮኸ ሲንበረከክ የካውያውን ሹል ጫፍ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፈችውና ጩኸቱ ተቋረጠ።

ሁለተኛው ብልጥ መስሎት ከመግቢያው አልራቀም። ከመግቢያው በላይ ግን ፎቅ የለም፤ ከቆርቆሮው ሥር፣ በአግዳሚ እንጨት ላይ፣ ትልቁ የውኃ በርሜል ነው ያለው። አጣቢዋ መዳፏን ወደ መሬት ዘቅዝቃ ጫነችበት። ሰውየው ሊሸሽ ሲል እግሩን ማንሳት አቃተው። አግዳሚው ተቀነጠሰ፣ በርሜሉ ወረደ፤ ወለሉን ያጥለቀለቀው ውኃ ቀይ ነበር።

ጫና፣ አጣቢዋ ያደገችበት፣ ሦስቱንም ሰዎች የላከው የኒንጃዎች፣ የስውር ገዳዮች፣ ሰፈር ትልቁ ምስጢር ነው። ጫኙ የመረጠው ቦታ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ለአንድ ትንፋሽ ያህል አሥር እጥፍ ይከብዳል። ነገር ግን ጫና ከጣሪያ እስከ መሬት ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ በመሃል ያለውን ወዳጅም ሆነ ጠላት አይለይም። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ገና መራመድ ሲችል አንድ ሕግ ይማራል፤ ከመጫንህ በፊት ቀና በል። ሕጉ ከአጥንት ስለሚዋሐድ ጫኝ ሁሉ ከመጫኑ በፊት፣ ሳይታወቀው፣ ዓይኑን ወደ ላይ ይወረውራል። በዚያች ቅጽበት አንገቱን የተቀላ ጫኝ ብዙ ነው።

አጣቢዋ ግን ቀና አላለችም። ሦስት ዓመት በኖረችበት ቤት፣ ከየትኛው ጣውላ በላይ ምን እንዳለ በቃሏ ታውቃለች።

ሦስተኛው ሰው ጨርቁን ከፊቱ ገፈፈ። ታላቅ ወንድሟ ነበር።

«ዛሬም ቀና አትይም?» አላት። «እማዬ ይህችን ብታይ በአርጩሜ ነበር የምትልሽ።»

«ወንድም ጋሼ፣ በመጣህበት ተመለስ። የእማዬን ወገብ ሰብራችሁታል። ከአልጋ የማትወርድ ሴት ምን ታደርግላችኋለች?»

«ጥበቡን በጭንቅላቷ ይዛ ወጥታለች። እኔም የታዘዝኩት ጭንቅላቷን ነው።»

«ለዚህ ምን ሊሰጡህ?»

«ወንበሯን» አለ፣ ሳያፍር።

የእናት ሆድ ዝንጉርጉር ነው። እናታቸው የሰፈሩ የጫና መምህርት ነበረች። ሕፃናትን ለግድያ አላሠለጥንም ብላ ከሴት ልጇ ጋር ስትሸሽ ከኋላ የተጫነባት ጫና ወገቧን ሰበረው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ፎቅ ላይ ተኝታለች። ውኃ ሲጠማት በከዘራዋ ወለሉን ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ አጣቢዋም ካውያዋን አስቀምጣ ትወጣለች።

አሁን ከላይ ሳል ተሰማ። ወንድምየው ጆሮውን አቁሞ ሳሉን ተከትሎ ተራመደ፤ ፎቅ ላይ ካለው የእናቱ አልጋ ልክ በታች ሲደርስ ቆመ።

«እንግዲህ ጫኚብኝ» አላት።

አጣቢዋ መዳፏን አወረደች። እሱ ላይ ብትጭን እናቷን ነው የምትገድለው። እሱም ከዚያች ቦታ ፈቀቅ ቢል እንደምትጭንበት ያውቃል፤ ደረጃው ደግሞ ከእሷ ጀርባ ነው። መጀመሪያ እሷን መጨረስ ነበረበት። ዝናብ የያዘው ሰው ታዛ ሥር እንደሚቆም፣ እናቱ ሥር ቆሞ ቢላዎቹን ማውጣት ጀመረ።

የመጀመሪያው ቢላ ትከሻዋ ላይ ተሰካ። ሁለተኛውን በመተኮሻው ጠረጴዛ መከተችው። ወዲያው ዓይኑ ወደ ላይ ብልጭ ሲል አይታ ተንከባለለች፤ ጠረጴዛው ከነአንሶላው ወለሉ ውስጥ ተቀበረ። ከምድጃው ላይ የፈላውን ውኃ ከነድስቱ ወረወረችበት። የክንዱ ቆዳ እንደ እጅጌ ተገለበጠ፣ እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ቀና አለ። በዚህኛው አልፈጠነችም፤ ጫናው ግራ እግሯን ያዛት፣ ጉልበቷ እንደ ደረቅ ጭራሮ ተንኮሻኮሸ። ደም እያጎረፈች እስከ ደረጃው ሥር ተሳበችና በጀርባዋ ዘጋችው። ጠላችው። ልጅ እያሉ በእሽኮኮ ተሸክሟት ወንዝ ያሻገራትን ወንድሟን ከልቧ ጠላችው።

«ነይ ዘወር በይ» አለ፣ የመጨረሻውን ቢላ እየመዘዘ። «አንቺን አላዘዙኝም።»

«እኔ ሳልሞት አትወጣም።»

ይሄኔ ከላይ አንድ ነገር ተንሻተተ። ቀጥሎ ከዘራው ወለሉን መታ። ኳ። ኳ።

ድምፁ ከአልጋው ቦታ አልነበረም። ከወዲያኛው ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንኪያ ውኃ የሰው እጅ ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ በክርኗ እየተሳበች ክፍሉን አቋርጣለች። ከዘራዋንም የመታችው ውኃ ጠምቷት አልነበረም።

ወንድምየው ቤቱን ስለማያውቅ ድምፁ ከየት እንደመጣ አልለየም። ቀና ብሎ በቀጥታ ከራሱ በላይ ያለውን ጣውላ አየ።

«እማዬ?» አለ።

አጣቢዋ ቀና ሳትል ጫነችበት።

ወለሉ ተሰነጠቀ። የብረት አልጋው፣ ሣጥኑና ወራጁ እንጨት አንድ ላይ ወረዱበት። እሱም ከራሱ ክብደት በታች ተንበርክኮ ስለነበር እጁን እንኳ ሊያነሳ አልቻለም። የጎድን አጥንቱ ሲደቅ ተሰማት፤ ትንፋሿን እስክትጨርስ መዳፏን አላነሳችም። አቧራው ሲበርድ ከፍራሹ ሥር ቆዳው የተገለበጠው ክንዱ ብቻ ይታይ ነበር።

ደረጃውን በእጇ እየቧጠጠች ወጣች። እናቷ መስኮቱ ሥር በሆዷ ተኝታለች፤ ክርኖቿ ተልጠዋል፣ ከዘራዋን አለቀቀችም። በመካከላቸው ወደተከፈተው ጉድጓድ አልተመለከተችም።

«ቀና ብሎ አየኝ?» አለች።

«አዎ እማዬ፣ አየሽ።»

«እዚያ አልነበርኩማ» አለች እናትየው፤ ከዚያም አለቀሰች።