ያልተፈተነ ዝቃጭ

ታናሹ ኬሚስት ከፓተንት መርማሪዋ ጠረጴዛ ፊት ሲቀመጥ፣ ታላቅ ወንድሙ በዱላው ተደግፎ ከጎኑ ዐረፈ። የፈጠራ ባለቤትነት መብት የጠየቁበት ማመልከቻ የሁለቱም ነው። ዛሬ ከወደቀ አንድ ትልቅ የቆዳ ፋብሪካ ሥራቸውን በነጻ ይወስደዋል፤ ቤተ ሙከራቸውም ይዘጋል።

ታላቁ ቀድሞ ለቆዳ ማልፊያ የሚያገለግለውን ክሮም ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ በኖራ የሚያዘቅጥበትን ዘዴ አሳትሟል፤ ታናሹ ደግሞ ክሮምን ከዝቃጭ በአሲድ መልሶ የሚያወጣበትን። ሁለቱም ዘዴዎች ለየብቻቸው የታወቁ ናቸው። ወንድማማቾቹ ግን ዕድሜያቸውን ተኳርፈው ኖረው፣ ያጣመሯቸው በስተርጅና ከታረቁ ወዲህ ነው።

«ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ባለሙያ፣ እንዳያጣምራቸው ምን ያግደዋል?» አለች መርማሪዋ። «ነገሩ ግልጽ ከሆነ ፓተንት አይሰጥም።»

ታናሹ ተዘጋጅቶበታል። ከገዛ ጽሑፉ ግርጌ አንዲት ዓረፍተ ነገር አሳያት፦ በኖራ የተገኘ ዝቃጭ ለዚህ ዘዴ አይበጅም።

«እኔው ራሴ አይሆንም ብዬ ጽፌያለሁ። አይሆንም የተባለውን ማን ይሞክራል?»

መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «በሙከራ አረጋግጠው ነው የጻፉት?»

ሚዛኑ በዚህች መልስ ላይ ተንጠለጠለ። አንደበቱ ከሕሊናው ቀደመ። «አዎ። የወንድሜን ዝቃጭ ነው የሞከርኩት፤ ያኔ አልሠራም።»

ታላቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከየት አመጣኸው?»

«ወንድም ጋሼ፣ አሁን ተወው።»

«ያኔ እንኳን ዝቃጭ፣ ሰላምታም አልሰጥህም ነበር።» ወደ መርማሪዋ ዞረ። «ቂም ይዞ ጸሎት ሲባል ሰምተው የለ? ይኼ ደግሞ ቂም ይዞ ሳይንስ ነው። አንዲት ማንኪያ አልሞከረም።»

ታናሹ አንገቱን ደፋ።

መርማሪዋ ፈገግታዋን ዋጥ አደረገች። «እንግዲያ ያገዳችሁ ኬሚስትሪው ሳይሆን ጸባችሁ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ስለ ማንኛውም የሙያው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ከማንም አልተጣላም።»

ማመልከቻው ወደቀ።

ታናሹ የወንድሙን ክንድ ደግፎ ደረጃውን ያወርደው ጀመር። «ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ዝም ብልማ፣ ዝቃጬ አይረባም ብለህ የመንግሥት ማኅተም ልታስመታበት ነበር።»

ታናሹ ቆመ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ወንድሙን ያናገረው ለእውነት መቆርቆር መስሎት፣ በኀፍረቱ ውስጥም ቢሆን ያከብረው ነበር። ክንዱን ሊለቅ አሰበ፤ ሽማግሌው እንዳይወድቅ ፈርቶ ያዘው።

«የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ማን ያስረክብ?» አለ።

«አንተ አስረክብ። እኔ ከእንግዲህ ደረጃ አልወጣም።»