የምሽጉ ውሃ

"እግርህን ከውሃው አውጣ አልኩህ። ጆሮህን ከታች ከመኪናህ ጋር አቁመኸው ነው የመጣኸው?"

ሃውሳባይ ባልዲዋን ዓለቱ ላይ አስቀመጠችው። ተራራው አናት ላይ ወዳለው የጥንት ምሽግ ለመውጣት ከከተማ የመጡ አራት ጎረምሶች ጫማቸውን ደርድረው፣ ከዓለት በተፈለፈለው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ነክረው ይሳሳቃሉ። መሪያቸው ኒናድማ ጭራሽ ፀጉሩን በሳሙና እያሸ ነው።

"ይቅርታ እማማ፣ ምሽጉ ላይ ጉድጓድ ሞልቶ የለ እንዴ?" አለ ኒናድ።

"ሞልቷል። ሌላው ሁሉ ደርቋል። ዝናብ እስኪመጣ እዚህ አናት ላይ የቀረነው ሦስት ቤት የምንጠጣው ይህንኑ ነው። የምሽጉን ሥዕል ካናቴራህ ደረት ላይ ለጥፈህ ስትዞር፣ ሰው ይኖርበታል ወይ ብለህ አልጠየቅህም?"

"በቃ እንካስዎት። ስንት ልስጥዎት?"

"ብርህን ልጠጣው?"

ይህን ብላ ጫማቸውን በሳሪዋ ጫፍ ሰብስባ ላዩ ላይ ቁጭ አለችበት። ዓለቱ በቀትር ፀሐይ እንደ ፍም ግሏል፤ በባዶ እግሩ የሚወርድ ካለ ይውረድ።

"ባልዲው ያውላችሁ። ጨልፋችሁ ድፉት። ከሥር ምንጭ አለው፤ ሲነጋ ንጹሑን ያጠራቅማል።"

"ሁሉንም?"

"አይ፣ ሳሙናውን ለይተህ።"

ከጓደኞቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ኒናድ ግን ፊቱ ቀላ፤ ባልዲውን አነሳ።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቀዱ፣ ደፉ። ሰፊ ጀርባ ብቻ፣ ጉልበት የላቸውም። የጉድጓዱ ወለል ሲታይ ጫማቸውን ወረወረችላቸው። የያዙት ውሃ ካለቀ ቆይቷል፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

"እማማ፣ የሚጠጣ ይኖራል?" አለ ኒናድ በቀስታ።

ቤቷ የቀረው ጠዋት የቀዳችው አንድ እንስራ ነው፤ ለማታዋ ያለችው። እየተራገመች አወጣችው። ልጁ ከላይ ታፍስስልኝ ብሎ ጎንበስ አለና መዳፎቹን ገጥሞ ዘረጋ።

እጇ ቆመ። እናቷ ስትጠማ የታች መንደር ጌቶች የሚያጠጧት እንዲህ ነበር፤ ዘሯ ዝቅ ያለ ነው፣ ዕቃችንን ነክታ እንዳታረክስብን ብለው፣ ከሩቅ፣ አስጎንብሰው። ዛሬ በዚህ ልጅ ላይ ቢደረግ ምን ያንሰዋል? ንዴቷ ገና አልበረደም።

እንስራውን አስቀመጠችና ተመልሳ ገባች። የራሷን የነሐስ ኩባያ ይዛ ወጣች፤ ሞልታ እጁ ላይ አኖረችው።

"ቀና ብለህ ጠጣ" አለችው። "ጠብታ ብታፈስ ግን ወዮልህ።"