የታችኛው ወንፊት

በድኝ ፋብሪካው ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ሚዛኔ» ነው የሚላት። ሥራዋ ወፍጮው የፈጨው ድኝ ምን ያህሉ እንደላመ፣ ምን ያህሉ ሸካራ እንደቀረ መለካት ነው። ስድስት ወንፊቶችን ትደራርባለች፤ የላይኛው ቀዳዳ ሰፊ ነው፣ የታችኛው ግን በዓይን አይለይም። መቶ ግራም ድኝ ከላይ ትጨምርና ማሽኑ አሥር ደቂቃ ያንቀጠቅጠዋል፤ ከዚያ በየወንፊቱ የቀረውን አንድ በአንድ ትመዝናለች። ሁሉንም አልፎ ከሥር ሳህኑ ላይ የሚያርፈው ብናኝ ነው። ደንበኛ የሚወደው እሱን ነው፤ ሠራተኛ የሚፈራውም እሱኑ ነው። አየር ላይ ተበትኖ ብልጭታ ካገኘ እንደ ባሩድ ይነሳል፤ ነበልባሉም ሰማያዊ ነው።

ወፍጮውን የሚያስኬደው ታላቅ ወንድሟ ነው። ጋሼ ትለዋለች። አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ጥሎ ያስተማራት እሱ፣ እዚህ ሥራ ያስገባትም እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት የእሷን ወረቀት ያያል፤ «ሸካራ» ካለ ወፍጮውን ትንሽ ያጠብቃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወረቀቱ «ሸካራ» አለ፤ እሱም ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠበቀ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ብናኙ ሽፋሽፍቱ ላይ እየተጣበቀ እንዳስቸገረው ነግሯት ነበር። እሷ ግን ዕድሜህን ደብቀህ ነው እንጂ መነጽር ያስፈልግሃል ብላ አሾፈችበት። እሱም ሳቀ። እሷን መጠራጠር ጭራሽ በሐሳቡ አልመጣም።

የዚያን ዕለትም ወረቀቱ «ሸካራ» አለ። ፎርማኑ ደስ ብሎት ኪሱ ከተተው፤ የወፍጮው አንድ እግር ስለተሰነጠቀ በያጅ ተጠርቷል። የፋብሪካው ደንብ ግልጽ ነው። ሳህኑ ላይ ያረፈው ከሃያ ግራም ከበለጠ ክፍሉ በውኃ ይታጠባል፣ ብየዳውም ለነገ ይቆያል። ካነሰ መጥረግ ይበቃል። የእሷ ወረቀት ስምንት ግራም ይላል።

ወንፊቶቹን ልታስቀምጥ ስታነሳ፣ ምን እንደነካት እንጃ፣ እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየች። በአምስቱ ብርሃን አለፈ። በስድስተኛው ምንም አላለፈም። ቀዳዳው በሙሉ ተደፍኗል።

ነገሩ ወዲያው ገባት። ወንፊት ታጥቦ እስኪደርቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ኃላፊዋ «ወንፊት ነው እንጂ ሙሽራ አይደለም፣ ስንቴ ነው የሚታጠበው?» ካላት ወዲህ በብሩሽ ጠረግ፣ ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጋ ነበር የምታልፈው። ወደ ሳህኑ መውረድ የነበረበት ብናኝ ወንፊቱ ላይ እየቀረ ሸካራ ተብሎ ተመዝኗል። ወንድሟም የላመውን እንደገና ሲፈጭ ከርሟል።

ወፍጮ ቤት ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። ይህን ጊዜ መሮጥ ነበረባት! እሷ ግን ሳትመዝን መናገር አልለመደባትም፤ ከቁምሳጥን አዲስ ወንፊት አውጥታ ደራረበች፣ ድኙን ጨምራ ማሽኑን አስነሳች። እጇን አጣጥፋ ሰዓቱን ታያለች። አራተኛው ደቂቃ ላይ አላስችል ብሏት አጠፋችውና ሳህኑን ሳበች። እስከ አፉ ሞልቷል።

እግሬ አውጪኝ ብላ ወጣች።

ፎርማኑና ወንድሟ ከወፍጮ ቤቱ በር ውጭ ቆመዋል። ጠራጊዎቹ አሁን መውጣታቸው ነው፤ ያነሱት አቧራ ገና አልረጋም። በያጁ ከውስጥ ዕቃውን እያሰናዳ ነው። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ብየዳው ይቁም አለች።

«ስንት ሆነ?» አላት ፎርማኑ።

«አልመዘንኩትም።»

«እንግዲያው መዝነሽ ነይ። ፈርመሽ የሰጠሽኝ ይኸው ኪሴ ውስጥ አለ። በወረቀት የጀመርኩትን በወሬ አላቆምም።»

ወደ ወንድሟ ዞረች። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ወንፊቱ ተደፍኖ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተሳስቻለሁ።»

ወንድሟ ስንት ሆነ ብሎ አልጠየቃትም። በሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ወደ ውስጥ አየ። ቢጠሩት በያጁ አይሰማም፤ የአየር ማስወጫው ይጮኻል፣ ጆሮውንም ደፍኗል። አንድ ሰው ገብቶ ትከሻውን መንካት አለበት።

እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ ቀስ አድርጎ አላቀቀ።

«አንቺ ወደ ግቢ ውጪ» አላት። ከዚያ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

አልወጣችም። በመስታወቷ አየችው። በእግሩ ጣት እየረገጠ ይሄዳል፤ ቢሆንም በረገጠ ቁጥር ቢጫው አቧራ እስከ ጉልበቱ ይነሳል። ሃያ እርምጃ ያህል ቀርቶታል። አሥር ያህል። ፎርማኑ አጠገቧ ቆሞ ስለ ወረቀቱ አንድ ነገር ይናገራል። በያጁ ጀርባውን እንደሰጠ ጎንበስ አለና የፊት መከለያውን አወረደ። ወንድሟ እጁን ዘረጋ።

መስታወቷ ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ብርሃን ታየች። ቀጥሎ መስታወቷ በሙሉ ሰማያዊ ሆነች።